ሞራ ያልሆነው የሽምግልና የዓይን ሕመም

በአገራችን የአንድ ሽማግሌ ዓይን መፍዘዝ የጀመረ እንደ ሆነ ከቤተ ሰቡም ከጎረቤቱም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ሞራ ነው» ይባላል። ቀጥሎ የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ አንድ ነው፤ «ትንሽ ይቈይና ይብሰል፤ ሲበስል ይገፈፋል» ይባላል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በእርግጥም በአገራችን ብዙውን ሰው የሚያሳውረው ሞራ ነው፤ ሞራም በቀዶ ጥገና ይወገዳል። ነገር ግን ሞራ ያልሆነ፥ የማይበስል፥ የማይገፈፍም፥ በመቈየት የሚሻል ሳይሆን የሚባባስ ሌላ የሽምግልና የዓይን ሕመም አለ። እኔ ይህን ለይቼ ሳላውቅ «ይብሰል» የሚለውን ምክር ላከብራቸው ለሚገባኝ ለአንድ ሰው ሰጥቼ ነበርና፥ ሌላው ቤተ ሰብ በዚያው መንገድ እንዳይሳሳት የተማርሁትን በዚህ ገጽ ለማካፈል ተነሣሁ።

ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ የኔታ ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ዓመት አልፏል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ በወረድሁ ጊዜ፥ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን እያስነበቡ ሳሉ ድንገት ቀና ብለው «ይህ የበሩ መቃን መቼ ነው የጎበጠው?» ሲሉ ጠየቁ። መቃኑ ግን እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። ሕፃናቱ አፋቸውን ሸፍነው ሣቁ። እኔም ዐዋቂ መስዬ «የኔታ፥ ሞራ ጀምሮዎት ይሆናል፤ ይብሰልና አዲስ አበባ ወስጄ አስገፍፍልዎታለሁ» አልኋቸው። እሳቸውም «እግዚአብሔር ያክብርልኝ ልጄ፤ አንተ ይብሰል ካልህ እንግዲህ ይብሰል» አሉኝ። መርቀውኝም ተለያየን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተውሎ የተረዳ ሰው አልነበረም። ሕመሙንም የሸሸገው የገዛ ዕውቀታቸው ነበር። የኔታ መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታልና፥ በየጠዋቱ ዳዊታቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ ድምፃቸው አይደናቀፍም፤ ቅጠሉንም በጊዜው ይገልጣሉ። ስለዚህ የሚያያቸው ሁሉ የሚያነቡ መሰለው። በዚያው ወራት ግን ከከተማ የመጣላቸውን ደብዳቤ ብዙ ካገላበጡት በኋላ «መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንተ አንብበው» ብለው ለአንድ ትንሽ ተማሪ ሰጡ። በገበያ መንገድ ላይ የዘመናት ወዳጃቸው ፊት ለፊት መጥቶ እጅ ሲነሣ ዝም ብለው አለፉት፤ ወዳጃቸውም «የኔታ ኮሩብኝ» ብሎ ተቀየመ። ይኸው ሰው በማግሥቱ ሲመለከታቸው ግን ድንጋያማውን ቍልቍለት ያለ ምርኵዝ ወርደው፥ ከመንገዱ ዳር የተኛውን ውሻ ዞረው አለፉ። እንግዲህ «ሲፈልጉ ያያሉ፥ ካልፈለጉ አያዩም» ብሎ ቢናገር በማን ይፈረዳል?

እኔም ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ወደ ሐኪም አደረስኋቸው። ሐኪሙ የዓይናቸውን ውስጥ በመብራት መርምሮ፥ በቀኝ ዓይናቸው መካከል ደም ፈስሶ ጠባሳ ሆኖ መቅረቱን፥ በግራውም ያው ነገር መጀመሩን ነገረኝ። ለመገፈፍ የሚያበቃ ሞራ አልነበረባቸውም።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማኩላ መበላሸት ይባላል። ማኩላ በላቲን ቋንቋ ነቍጥ ማለት ነው። ከዓይናችን ውስጥ በስተ ኋላ፥ ብርሃንን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልክ ሬቲና የሚባል ስስ ንጣፍ አለ። ማኩላ የዚሁ ንጣፍ መካከል ሲሆን ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የምስር ፍሬ ያህላል ማለት ነው። ይህች ትንሽ ቦታ ግን ትልቁን ሥራ ይዛለች። ፊደል የምንለየው፥ ክር በመርፌ ቀዳዳ የምናገባው፥ የሰውን ፊት የምናውቀው በእርሷ ነው። ከእርሷ ውጭ ያለው የሬቲና ክፍል የዳሩንና የጎኑን ነገር ያሳያል፤ እንቅስቃሴን ያስታውቃል፤ በጨለማም ይረዳል፤ ጥቃቅኑን ነገር ግን አይለይም። ስለዚህ ማኩላ ሲበላሽ የሚጠፋው የመካከሉ እይታ ነው። ታማሚው ዓይኑን አቅንቶ ሊያየው የፈለገው ነገር ይሰወርበታል፤ ሊያየው ያላሰበው በዳር ያለው ነገር ግን ይታየዋል። የኔታ የወዳጃቸውን ፊት አጥተው የውሻውን መተኛት ያወቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ኵራትም ማስመሰልም አልነበረም።

ከሞራ ጋር ያለውን ልዩነት በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል መስለን ብናየው ይቀለናል። ሞራ በሥዕሉ ፊት እንደ ተዘረጋ መጋረጃ ነው። ሥዕሉ በስተ ኋላ ደኅና ነውና መጋረጃው ሲገለጥ ሙሉው ይታያል፤ ሐኪም የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። (በዚህ አጋጣሚ ልናገርና፥ ዛሬ ሞራውም ቢሆን «እስኪበስል» ሊጠበቅ አያስፈልገውም፤ ሰውየውን ከዕለት ሥራው ማሰናከል ከጀመረ ይበቃል።) የማኩላ ሕመም ግን መጋረጃው ተገልጦ ሳለ የሥዕሉ መካከል እንደ ተላጠ ነው። በዳር በዳር የመላእክቱ ክንፍ ይታያል፤ የመካከሉ ፊት ግን የለም። መጋረጃ መግለጥ ለተላጠ ግድግዳ ምን ይጠቅመዋል?

የመላጡም መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደረቁ ይባላል። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ከሬቲና ሥር ድሩዘን የሚባል ቢጫ ዝቃጭ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል፤ ሬቲናን የሚመግቡት ሕዋሳትም ይደክማሉ፤ በመጨረሻም እዚህም እዚያም እየሞቱ ቦታውን ባዶ ይተዉታል። ይህ በብዙ ዓመታት የሚሆን ነው፤ ከአሥር ታማሚዎች ስምንቱ ወይም ዘጠኙ ያለባቸው ይኸው ደረቁ ነው። ሁለተኛው እርጥቡ ይባላል። ይህም የዝናብ ውኃ ከግድግዳው በስተ ጀርባ ሰርጎ ሥዕሉን እንደሚያሳብጠው ያለ ነው። ከሬቲና ሥር ሊኖሩ የማይገባቸው ደካሞች የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ፈሳሽና ደም እያንጠባጠቡም ማኩላውን ከመቀመጫው ያነሡታል። ቀጥ ያለ መስመር ጎብጦ የሚታየው ስለዚህ ነው። የኔታ ስለ መቃኑ በጠየቁ ጊዜ ዓይናቸው እውነቱን ይናገር ነበር፤ የጎበጠው ግን መቃኑ ሳይሆን ሬቲናቸው ነበር። እርጥቡ ቍጥሩ ቢያንስም ጥፋቱ ፈጣን ነው፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ከሆነ በኋላ ማየትን የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ደረቅ የነበረውም ወደ እርጥብ ሊለወጥ ይችላልና፥ ደረቅ ነው የተባለም ሰው ቢሆን ክትትሉን መተው የለበትም።

አንዳንድ ሰው «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ከአፍሪካውያን ይልቅ በኤውሮፓውያን ዘር ይበዛል። (ከዚህ ጀምሮ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ2014 የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት በ2020 በዓለም ሁሉ 196 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም እንደሚኖርባቸው፥ በ2040 ደግሞ 288 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቶ ነበር። እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከዓይነ ሥውርነት ምክንያቶች መካከል ሞራ ከመቶ 49.9 እጅ፥ ትራኮማ የሚባለው የዓይን ማዝ 11.5፥ ግላኮማ 5.2፥ የማኩላ መበላሸት ደግሞ 4.8 እጅ ሆነው ተገኝተዋል። ስሙን ሁሉም ከሚያውቀው ከግላኮማ የሚያንሰው በጥቂት ብቻ ነው፤ ሆኖም ስለ ማኩላ በአውደ ምሕረትም ሆነ በዕድር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

የሕመሙ ዋና ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ይጀምራል፥ ከ70 በኋላ ይበዛል። ዘርም ድርሻ አለው፤ በ2005 ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ የትውልድ ቅንጣት፥ ማለት ጂን፥ ተገኝቷል። ስለዚህ አባቱ ወይም እናቱ የታመሙበት ሰው ዓይኑን ቀደም ብሎ ያስመርምር። ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ ትንባሆን መተው ግን ይቻላል። ትንባሆ የሚያጨስ ሰው በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። የደም ብዛትን መቈጣጠርም ይረዳል። ስለ ምግብ ሲነሣ ሰው ሁሉ ካሮትን ያመሰግናል፤ ለማኩላ ግን ስማቸው የሚነሣው ጎመንና ቆስጣ ናቸው፤ በማኩላ ውስጥ የሚገኘው ሉቲን የሚባል ቢጫ ቀለም በነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች ይገኛልና። የጾም ማዕዳችን በዚህ በኩል አያሳፍርም።

በጠርሙስ ስለሚሸጠው የቪታሚን ክኒን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቪታሚን ሲ፥ ቪታሚን ኢ፥ ቤታ ካሮቲን፥ ዚንክና መዳብ በተወሰነ መጠን ተቀላቅለው ሲሰጡ፥ ሕመሙ መካከለኛ ደረጃ በደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሻገሩን ዕድል ከመቶ 25 እጅ ያህል እንደሚቀንሱ አስረድቷል። ቤታ ካሮቲን ለሚያጨሱ ሰዎች የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2013 ጥናት በሉቲንና በዜያዛንቲን ተተክቷል። እንግዲህ ክኒኑ ሐኪም መርምሮ ለዚህ ደረጃ ደርሷል ላለው ሰው የሚሰጥ እንጂ ጤነኛው እንዲከላከልበት ወይም ጠባሳ ያለበት እንዲድንበት የሚገዛ አይደለም። ከውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው በፍቅር የሚልኩት ገንዘብ በዚህ በከንቱ ሲያልቅ ያሳዝናል።

ይልቁንስ በየቤቱ ያለ ገንዘብ ሊደረግ የሚችል አንድ ምርመራ አለ። ማርክ አምስለር የተባለ የስዊስ አገር የዓይን ሐኪም በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ትናንሽ ካሬዎችን አስምሮ፥ በመካከሉ ነጥብ አድርጎ ታማሚዎቹን በአንድ ዓይን እንዲመለከቱት ያደርግ ነበር፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ወረቀቱ ባይኖር የተማሪ የሒሳብ ደብተር ካሬ፥ ወይም የመስኮት ፍርግርግ፥ ወይም የበር መቃን ይበቃል። ሽማግሌው መነጽር ካላቸው ያድርጉ፤ አንዱን ዓይን በእጃቸው ይሸፍኑ፤ በሌላው መካከሉን ይመልከቱ፤ ከዚያም ዓይኑን ይለውጡ። መስመሩ ቢጎብጥ፥ ቢሰበር፥ ወይም በመካከል ጥላ ወይም ባዶ ቦታ ቢታይ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። አንድ አንዱን ዓይን ለብቻ ማየት የሚያሻው፥ ሁለቱ ዓይኖች እንደ ሁለት ወንድማማች ስለሆኑ ነው፤ የደከመውን ወንድሙን ጉድለት ደኅናው ይሸፍንለታል፤ ባለቤቱም ሁለተኛው እስኪደክም ድረስ አንዱ መጥፋቱን ሳያውቅ ይኖራል። መጉበጡ በድንገት የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ጉዞው ለመስቀል ወይም ለፋሲካ የሚቀጠር አይደለም፤ በዚያው ሳምንት መሄድ ይገባል። በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ የዓይን ባለሙያ ባይኖር፥ ሬቲና የሚመረምር ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ደብዳቤ አጽፎ መጓዝ ነው።

ከሃያና ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አድርጎ መቸኰል ብዙ አይጠቅምም ነበር። የበቀሉት የደም ሥሮች በሌዘር ይቃጠሉ ነበር፤ ነገር ግን እሳቱ መፍሰሱን ሲያቆም ደኅናውንም ንጣፍ አብሮ ያቃጥል ነበር። በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራ የተባለ ጣልያናዊ ተመራማሪ በአሜሪካ ሲሠራ፥ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር ለይቶ ዐወቀ። ያን ንጥረ ነገር የሚያግድ ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ በማግሥቱ ዓመት የዓይን ሐኪሞች ከዚያው መድኃኒት እጅግ ጥቂቱን በዓይን ውስጥ ሰጥተው ጠቃሚ ሆኖ አገኙት። በ2006 ደግሞ ለዓይን ተብሎ የተሠራው ራኒቢዙማብ ተፈቀደ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የዚህ ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው ዋጋ 2,000 ዶላር ያህል ሲሆን የፊተኛው 50 ዶላር ያህል ነበር። በ2011 የወጣ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ማየትን በመጠበቅ እኩል መሆናቸውን አስታወቀ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2013 ቤቫሲዙማብን ለዓይን ሕክምና ከመሠረታውያን መድኃኒቶች መዝገብ አገባው። የድሀ አገር ሰው ለሆንነው ለእኛ ይህ ቀላል ዜና አይደለም።

መድኃኒቱ በመርፌ በዓይን ውስጥ ይሰጣል ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ የኔታም «በዓይን መርፌ? ይቅርብኝ» ብለው ነበር። ነገር ግን ዓይኑ አስቀድሞ በማደንዘዣ ጠብታ ይደነዝዛል፤ መርፌው እጅግ ቀጭን ነው፤ የሚገባውም በነጩ በኩል ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በመጀመሪያ በየወሩ፥ በኋላም ሐኪሙ እንደ ወሰነው እየተራራቀ ይሰጣል። በብዙዎቹ ዘንድ የማየትን መጥፋት ያቆማል፤ ከሦስቱ በአንዱ ያህል የጠፋውን በከፊል ይመልሳል። ሁለት ጊዜ ወስዶ «ተሽሎኛል» ብሎ መቅረት ግን ፈሳሹን ዳግመኛ መጥራት ነው። ከመርፌው በኋላ ዓይን ቢቀላ፥ ቢያም፥ ማየትም ቢቀንስ በዚያው ቀን መመለስ ያስፈልጋል፤ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም ቍስለት ሊሆን ይችላልና። ለደረቁ ዓይነት መርፌው አይሠራም። ለከባዱ ደረቅ ደረጃ በ2023 በአሜሪካ ሁለት ሌሎች መድኃኒቶች ተፈቅደዋል፤ እነርሱም የመላጡን ፍጥነት ያዘገያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም።

ስለ ጸበልም ሳልናገር አላልፍም። የተጠመቀ ሰው ወደ ሐኪም ቢሄድ እምነቱ ጎደለ የሚል ሰው አለ። ሲራክ 38ኛውን ምዕራፍ በሐኪም ነገር መጀመሩን ላስታውሰውና ልለፍ። ይልቅስ የሚጎዳው ቅጠል ጨምቆ በዓይን ውስጥ ማንጠብጠብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቤተ ሰብን የሚያስጨንቀውን ነገር አሁን ልንገራችሁ። የማኩላ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ የሌለ ነገር ያያሉ፤ በግድግዳው ላይ የጥልፍ ሐረግ፥ በደጅ የቆሙ ሰዎች፥ ትናንሽ ልጆች፥ የማያውቋቸው ፊቶች ይታዩአቸዋል። ሥዕሎቹ ዝም ያሉ ናቸው፤ አይናገሩም። የስዊስ አገር ሊቅ ቻርልስ ቦኔ ዓይናቸው የደከመባቸው አያቱ እንዲህ ያለ ነገር ያዩ እንደ ነበር በ1760 ጽፏልና ነገሩ በእርሱ ስም ይጠራል። ምክንያቱም ከዓይን መልእክት የተቋረጠበት አንጎል በገዛ ራሱ ሥዕል መሥራቱ ነው። እብደት አይደለም፤ የአእምሮ መሳትም አይደለም። ታማሚው ብዙ ጊዜ እውነት አለመሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን «ጋኔን ያዘው» ወይም «ጃጀ» እንዳይባል ይደብቀዋል። የኔታም ለሐኪሙ እንጂ ለእኛ አልነገሩም ነበር፤ ነጫጭ ልብስ የለበሱ ሕፃናት በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ ያዩ ነበር። ሐኪሙ «ከዓይንዎ ነው፥ ያጋጥማል» ባላቸው ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ለካ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሲያለቅሱ ኖረዋል። በቤታችሁ ያሉት ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግሯችሁ አትሣቁባቸው፥ አታስፈራሯቸውም፤ ለሐኪም ንገሩላቸው።

ይስሐቅ በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ ፈዝዞ ልጁን በድምፅና በመዳሰስ ለመለየት እንደ ሞከረ በኦሪት ዘፍጥረት 27ኛ ምዕራፍ እናነባለን። ሕመሙ ምን እንደ ነበረ መጽሐፉ አልጻፈውም፥ እኛም አንጨምርበትም። ነገር ግን ፊት የማያይ ሰው ባለበት ቤት ስንገባ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ስምን መናገር ምን ይከብዳል? በማዕድ ላይ ነጭ ሳሕን በነጭ ጨርቅ ላይ ከማኖር ቀለሙ የሚለይ ጨርቅ ማንጠፍ፥ የደረጃውን ጠርዝ በቀለም መቀባት፥ ዕቃን ከቦታው አለመለወጥ፥ ለንባብ መብራቱን ወደ መጽሐፉ ማስጠጋት፥ ማጉያ መስተዋትና በጉልህ ፊደል የታተመ ዳዊት መግዛት፤ እነዚህ ሁሉ ትንሽ ናቸው፤ ሰውየውን ግን ከልመና ያድኑታል። ሁሉን ነገር እየሠሩለት ከምድጃ ዳር ማስቀመጥም ስሕተት ነው። ይህ ሕመም ብቻውን ፍጹም ጨለማ አያመጣም፤ የዳሩ ማየት ይቀራልና ሽማግሌው ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄጃውን መንገድ ራሳቸው ያገኙታል።

የኔታ በቀኝ ዓይናቸው የጠፋው እንደ ጠፋ ቀርቷል፤ ለዚያም የእኔ «ይብሰል» ማለት ድርሻ አለበት። የግራው ግን በመርፌው ቆሟል። ዶሮ እህሏን በጎን እንደምታየው ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርገው፥ በማጉያው ጉልሁን ፊደል ዛሬም ያነባሉ። ተማሪዎቹን የሚያርሙት በጆሯቸው ነው፤ አንድ ተነሽ ንባብ በወዳቂ የተነበበ እንደ ሆነ ከዛፉ ሥር ሆነው ይሰሙታል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ስሜን ተናግሬ ቀረብሁ። «በግራዬ በኩል ተቀመጥ፥ በዚያ ሳትታየኝ አትቀርም» አሉኝ። ቀጥለውም በእጃቸው ወደ ደጀ ሰላሙ እያመለከቱ «ያ መቃን አሁንም ጎባጣ ነው፤ ግን አልባሰበትም» አሉ።